35 ቀን ያለው ወር

«ወር አልደርስ ያላት» በሚል ስም ከአዲስ አበባ የጻፉልን እናት የላኩት ደብዳቤ አራት ገጽ ነው፤ ፍሬ ነገሩን አሳጥሬ ላቅርበው።

«እኔ መምህር ነኝ፤ ባለቤቴ በግል ድርጅት ውስጥ ይሠራል። የ6 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን። የሁለታችን ደመወዝ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ 28,500 ብር እጃችን ይገባል። ቤት ኪራይ 8,000፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት 3,600፣ ትራንስፖርት 2,400፣ ዕቁብ በሳምንት 500፣ መብራት፣ ውኃ፣ ስልክና ዕድር አንድ ላይ 1,100 ብር እንከፍላለን። የቀረው ለአስቤዛ ነው። በየወሩ በ18ኛው ቀን እጃችን ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የምንኖረው ከሰፈር ሱቅ በዱቤ ነው። ደመወዝ ሲገባ ለሱቁ 4,600 ብር ገደማ እከፍላለሁ፤ ከመስከረም ጀምሮ ያው ነው። አንዱን ታክሲ ትቼ በእግሬ መሄድ ጀምሬያለሁ፤ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት ቀንሻለሁ፤ አንዱን ቅቅል እንቁላል በክር ለሁለት ከፍዬ ለልጆቼ አካፍላለሁ። ወሩ ግን አሁንም በ18 ያልቃል። ባለቤቴ ‹ገንዘብ መያዝ አታውቂበትም፤ በዚህ ኑሮ ላይ ዕቁብ ምን ያደርግልናል? ውጪ› ይለኛል። የዱቤውን ልክ ግን አልነገርኩትም። ዕቁቡን ልተወው ወይ? ጤፍስ እንደ ልማዴ በኪሎ ልግዛ ወይስ ተበድሬም ቢሆን በኩንታል?»

ውድ እኅቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ከላይዎ ላውርድልዎ፦ ከወር ወር ከገቢያችሁ በላይ እየኖራችሁ አይደለም። ይህን የምለው ላጽናናዎ ብዬ አይደለም፤ የላኩልኝን ቁጥር ይዤ ቁጭ ብዬ ደምሬዋለሁ። ኪራዩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ትራንስፖርቱ፣ በወር 2,000 ብር የሚሆነው ዕቁብና 1,100ው ተደምረው 17,100 ብር ይመጣሉ። ይህ ከ28,500 ላይ ሲነሣ ለአስቤዛ የሚቀረው 11,400 ብር ነው፤ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 380 ብር ይደርሳል። ነገር ግን ደመወዝ በገባ ዕለት መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ሱቁ ነውና 4,600ው ወዲያው ይወጣል፤ በእጅዎ የሚቀረው 6,800 ብር ይሆናል። እርሱም በቀን 380 ሲወጣለት በ18ኛው ቀን ያልቃል። ሒሳቡ ከደብዳቤዎ ጋር ቀኑ ሳይቀር ገጠመ። (አምስት እሁድ ያለበት ወር ሲመጣ ዕቁቡ 2,500 ስለሚሆን በዚያ ወር አንድ ቀን ቀደም ብሎ እንደሚያልቅብዎ እገምታለሁ።)

ነገሩን ሁሉ የገለጠልኝ ግን እንደ ዘበት ጣል ያደረጓት ቃል ናት፦ ዱቤው «ከመስከረም ጀምሮ ያው ነው»። በየወሩ ከገቢያችሁ በላይ የምታወጡ ቢሆን ኖሮ የመስከረሙ 4,600 በጥቅምት 9,000፣ በኅዳር 13,000 በደረሰ ነበር። አላደገም። ይህ ማለት አንድ ጊዜ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፤ እርሱን በየወሩ ከዚህ አንሥታችሁ እዚያ ታስቀምጣላችሁ። ከጎረቤት አንድ ስኒ ስኳር ተበድሮ፣ በማግሥቱ መልሶ፣ ያንኑ ስኒ ወዲያው እንደገና የሚበደር ሰው ይመስል። በእግር መሄድዎ ያልጠቀመውም ለዚህ ነው፤ ከታክሲው የተረፈው 20 ብር በስሙ የተቀመጠለት ቦታ ስላልነበረ በዚያው ምሽት ቲማቲም ሆኖ ተበልቷል።

እንግዲህ ጉድጓዱ የት ተቆፈረ? መልሱ ሦስተኛው ገጽዎ ላይ አለ። ባለፈው ክረምት መውጫ ለልጆቹ ምዝገባ 5,000፣ ለዩኒፎርም፣ ለደብተርና ለቦርሳ 4,200፣ ለዘመን መለወጫ 6,400፣ ባለቤትዎ የጉራጌ ልጅ ናቸውና ለመስቀል ወደ አገር ቤት ለመሄድ 7,500 ብር አውጥታችኋል። እርስዎ ያልጻፉትን አንድ ወጪ ደግሞ እኔ ልጨምርበት፤ ጳጉሜንን ማለቴ ነው። ደመወዛችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 30 ይገባል፤ ቀጣዩ የሚገባው መስከረም 30 ነው። በመካከሉ ያለው 30 ቀን አይደለም፤ 35 ነው፤ በአራት ዓመት አንዴም 36 ይሆናል። አከራይ ለጳጉሜን ኪራይ ስለማይጠይቅ ያች አጭር ወር የነፃ ትመስላለች፤ ሆድ ግን ጳጉሜንን አያውቅም። በቀን 380 ሲታሰብ የ5 ቀኑ 1,900 ብር ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር 25,000 ብር ይሞላል።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በመጥፎ መንገድ ነው። ባገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ጳጉሜን 4 ቀን ጠዋት፣ ስኳርና የልብስ ሳሙና እንዲያመጣልኝ አንድ የጎረቤት ልጅ ወደ ሱቅ ላክሁ። ልጁ ባዶ እጁን ተመለሰ። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ስለነበሩ «አልሰጥም» አላሉም፤ የዱቤ ደብተሬን ዘርግተው አሳይተውት «ለእትዬ ንገራቸው፣ ገጹ ሞልቷል» ብለው ነው የመለሱት። የዱቤ ደብተር ገጽ እንዳለው እስከዚያች ጠዋት አስቤው አላውቅም ነበር። ዓውደ ዓመቱ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበርና ያን ሰሞን እንዴት እንዳለፍነው ባልተርክልዎ ይሻላል።

አሁን ወደ ዕቁቡ ልምጣ፤ ከባለቤትዎ ጋር ያጋጫችሁ እርሱ ስለሆነ ጠለቅ ብዬ ልየው። ባለቤትዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ዋጋ በሚንርበት ዘመን መጨረሻ ላይ ዕጣ የሚወጣለት ሰው የሚያገኘው ብር መጀመሪያ ላይ የወጣለት ሰው ያገኘውን ያህል አይገዛም። በተለይም ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ምን እንደሆነ ዘይት የሚገዛ ሁሉ ያውቃል። ደግሞም ዛሬ ብትወጡና የሚጣለውን 500 ብር ወደ ሱቁ ብታዞሩት፣ ዱቤው በአሥር ሳምንት ውስጥ ይዘጋል። በወረቀት ላይ የእሳቸው ሐሳብ ያሸንፋል ማለት ነው።

ነገር ግን ባለፈው ዓመት የሆነውን ያስታውሱ። የ25,000ውን ወጪ ምን ሸፈነው? ያለፈው ዙር ዕጣ በዕድል ነሐሴ ላይ ወጥቶልዎ የተቀበሉት 20,000 ብር ነው። የጎደለው 5,000 ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 400ውን እንደምንም አብቃቅተው 4,600ው ወደ ደብተሩ ገባ። ዛሬም ድረስ ይዛችሁት የምትዞሩት ያ ነው። ዕቁቡ ባይኖር ኖሮ ደብተሩ ላይ ያለው ከ24,000 በላይ በሆነ ነበር፤ የትኛውም የሰፈር ሱቅ ይህን ያህል ስለማይታገሥ ደግሞ ከዘመድ ወይም በስልክ ከሚገኘው አጭር ብድር ትበደሩ ነበር። ይህን ቁጥር ይዘው ለባለቤትዎ ያሳዩአቸው። እኔ ካሳመነኝ እሳቸውንም ያሳምናቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ከዕቁቡ አይውጡ። በብዙ ዕቁብ ልማድ መሐል ላይ ያቋረጠ ሰው የጣለውን የሚያገኘው ዙሩ ሲያልቅ ስለሆነ ቢወጡም እስካሁን የጣሉት ከ5,000 ብር በላይ ገንዘብ ቶሎ አይመለስልዎትም። ይልቅ በዚህ ሳምንት የዕቁቡን ዳኛ ያነጋግሩ። ዕቁባችሁ 40 ሰው ያለበትና በኅዳር መጀመሪያ የተጀመረ ከሆነ የመጨረሻው ዕጣ የሚወጣው በነሐሴ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው የመጨረሻው ዕጣ ለእርስዎ የሚበጀው ነው። ዕጣዎ ቀድሞ ቢወጣ አሁን ገንዘብ ለቸገረው ዕቁብተኛ በዳኛው ፊት ይለውጡለት፤ ለውጡም በጸሐፊው መዝገብ ይስፈር፤ የሚለወጥልዎ ሰውም ዋስ ያቅርብ። በቃል ብቻ የተደረገ የዕጣ ልውውጥ በነሐሴ ስንት ጎረቤት እንዳጣላ አይቻለሁ። ዕጣው ሚያዝያ ላይ ወጥቶ እጅዎ ከገባ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ እስከ መስከረም አይቆይም፤ የእኔም አይቆይም ነበር።

ዱቤውን በተመለከተ፣ ለባለቤትዎ አለመንገርዎ ከራሱ ከዱቤው የበለጠ ያሳስበኛል። «ገንዘብ መያዝ አታውቂበትም» የሚሉት ገንዘቡ ለምን በ18 እንደሚያልቅ ስለማያዩ ነው፤ የማያዩት ደግሞ ደብተሩ ከእርስዎ ጋር ብቻ ስለሚኖር ነው። አንድ ምሽት ልጆቹ ሲተኙ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት። ወቀሳም ምስጋናም ሳይቀድም ከላይ ያሉትን ሁለት ድምሮች፣ የ17,100ውንና የ25,000ውን፣ አብራችሁ ደምሩ። ሴቷ ደብተር ይዛ ወንዱ ተቆጥቶ የሚጀመር ንግግር የትም አይደርስም፤ ብዕሩን ለእሳቸው ይስጧቸው፤ ደማሪው እሳቸው ይሁኑ።

አከፋፈሉ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ። ባለሱቁን «ከአሁን ወዲያ በየወሩ የዱቤ ጣሪያዬ ዝቅ ይላል» ብለው ያሳውቁ፤ ደስ እንጂ ቅር አይላቸውም። 4,600ውን ለማቃለል የሚሆነውን ገንዘብ የማገኘው ከሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ከፊታችን ያለው ዓቢይ ጾም ነው። ሁለታችሁም እንደምትጾሙ፣ በፍስክ ወር ደግሞ ለሥጋና ለቅቤ 1,500 ብር ገደማ እንደምታወጡ ጽፈውልኛል። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ሁለት ደመወዝ ይሸፍናል። የብዙ ቤት ስሕተት የጾሙን ትርፍ በዘይት፣ በለውዝና በጾም ኬክ መልሶ መብላቱ ነው፤ ሽሮና ምስር ላይ ከጸናችሁ ግን 1,500ው ይተርፋል። ሁለተኛው ጤፉ ነው፤ ወደ እርሱ አሁን እመጣለሁ፤ በወር 500 ብር ያተርፍልዎታል። ከዚህ ላይ የምወስድብዎ 540 ብር አለ፤ ምክንያቱን በመጨረሻ እነግርዎታለሁ። የቀረው 1,460 ብር ነው። በየካቲት ደመወዝ የሱቁ ጣሪያ ከ4,600 ወደ 3,140፣ በመጋቢት ደመወዝ ወደ 1,680 ይወርዳል። ከፋሲካ በኋላ ሥጋውና ቅቤው ሲመለስ በ1,500 ፈንታ በ1,000 ብር ይመለስ፤ እንዲህ ከሆነ በወር 420 እየቀነሱ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባሉት አራት ደመወዞች ዕዳው ያልቃል። ጠባብ መንገድ ነው፤ አንድ የልጅ ሕመም ሊያዛንፈው ይችላል። ቢዛነፍ የመጨረሻውን ወር ወደ ነሐሴ ይግፉት እንጂ ጣሪያውን መልሰው አያንሡት። በመካከል የሚያስፈራኝ ራሱ ፋሲካ ነው፦ በግ በዱቤ እንዳይገባ። በሰፈራችሁ ቅርጫ የሚያርዱ ሰዎች ካሉ ከአሁኑ ተመዝግበው ድርሻዎን በትንሽ በትንሹ ይክፈሉ፤ ሙሉ መደብ ካስጨነቀዎ ከአንድ ጎረቤት ጋር ለሁለት ይካፈሉት።

ስለ ጤፉ። በጻፉልኝ ዋጋ ሱቁ አንዱን ኪሎ 160 ብር ይሸጥልዎታል፤ ወፍጮ ቤት ደግሞ ኩንታሉ 14,000 ነው፤ ኪሎው 140 ማለት ነው። ልዩነቱ በኪሎ 20 ብር ነው። ተበድሮ ኩንታል መግዛት ግን አልመክርም፤ አንዱን ጉድጓድ ሳይደፍኑ ሌላ መቆፈር ይሆናል፤ 100 ኪሎ ጤፍ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሲያዩት ደግሞ እንጀራው ሳይታወቅ ይወፍራል። ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ሆነው አንድ ኩንታል ለአራት ይግዙ። ድርሻዎ 25 ኪሎ ሲሆን 3,500 ብር ይከፍላሉ፤ ደመወዝ በገባ ዕለት ከ6,800ው ላይ ቢነሣ ያስችላል። ያው 25 ኪሎ ከሱቅ 4,000 ብር ይፈጅ ነበር፤ 500 ብር ያልኩት ይህ ነው። ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚታጨድ በመሆኑ አዲሱ እህል ገበያ የሚወጣበት ይህ ወቅት ከክረምቱ ይልቅ ለሸማች የተሻለ ነው። ነጭ ማኛ ካልሆነ የሚል ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ሰርገኛ ይግዙ፤ ከነጩ ርካሽ ነው። ሚዛኑን ግን አራታችሁም ቆማችሁ አስመዝኑ፤ ጤፉም በእናንተ ፊት ይበጠር፤ ቡኮው ላይ ጠጠር ማግኘት ለአራት ሰው ጭቅጭቅ ነው።

ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም ከእሁድ ገበያ ቢገዙ ከሱቁ እንደሚቀንስ እርስዎም ያውቁታል፤ እስካሁን ያልሄዱት እሁድ ገበያ ዱቤ ስለማይሰጥ ብቻ ነው። ጣሪያው በወረደ ቁጥር ወደዚያ መሄድ ይችላሉ። መብራትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ በሳምንት ሦስቴ እንደሚጋግሩ ጽፈዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገና ሲሞቅ የሚበላው መብራት አንድም እንጀራ ሳይወጣ የሚሄድ ነው፤ ፍጆታ በጨመረ መጠን ደግሞ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ወደ ሁለት ጊዜ ያውርዱት፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን ከሶኬት ነቅለው በቀረው ሙቀት ይጋግሯቸው። የደረቀው እንጀራ ለፍርፍር ይሆናል፤ ይህን ለእናት ማስተማር ድፍረት ነው።

ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣቱን ስለ መቀነስዎ የጻፉትን ሳነብ አዘንኩ። ያችን አንድ ሲኒ ቡና ከበጀት ወጪ ቆጥረዋታል። እኔ እንደማየው ግን ኩንታል የሚካፈሉትን ሦስት ሰዎች፣ የቅርጫ ድርሻ የሚጋሩትን ጎረቤት፣ የልጇ ዩኒፎርም አጥሮበት ለትንሹ ልጅዎ የምትሰጥዎትን እናት የሚያገኙት እዚያው ረከቦቱ ዙሪያ ነው። በሳምንት አንድ ቀን እርስዎ ያፍሉ፤ በሌላው ቀን ይጠሩ።

መስከረምን በተመለከተ ገና ሰባት ወር አለዎት፤ ግን ወጪው ከዕቁቡ 20,000 ብዙም እንዳያልፍ ከአሁኑ ከባለቤትዎ ጋር ይነጋገሩ። እሳቸውን «ለመስቀል አትሂድ» ማለት አይቻልም፤ አይገባምም፤ ብዙ የጉራጌ ሰው ዓመቱን ሙሉ ለዚያች ቀን ያስቀምጣል። ሊጠየቅ የሚችለው ሌላ ነው፦ በዘመን መለወጫና በመስቀል መካከል ያለው 16 ቀን ብቻ ነው፤ በሁለቱም ላይ በግ ማረድ ያስፈልጋል ወይ? መስከረም 1 ቀን በዶሮ ቢታለፍ 4,000 ብር ገደማ ይቀራል፤ 25,000ውም ወደ 21,000 ይወርዳል። ዩኒፎርሙንና ደብተሩን ደግሞ ሰው ሁሉ መርካቶን በሚያጨናንቅበት በጳጉሜን ሳይሆን በሐምሌ ይግዙ። የጳጉሜንን 1,900 ብር ዕቁቡ በገባ ዕለት ለብቻው ያስቀምጡት፤ የእኔ እናት ያችን ገንዘብ የምታስቀምጣት በርበሬ ማሰሮ ውስጥ ነበር፤ ማንም እጁን ሰድዶ አይነካትም ነበር።

540 ብር የወሰድሁብዎ ለእንቁላል ነው። በጻፉልኝ ዋጋ አንዱ 18 ብር ነው፤ በየቀኑ አንድ እንቁላል ቢጨመር በወር 540 ይሆናል። ልጆቹ 7 ዓመት ስላልሞላቸው ጾሙም አይመለከታቸውም። ዱቤው በሐምሌ በመዘጋት ፈንታ በነሐሴ ቢዘጋ ይዘጋ፤ ነገ ጠዋት ግን ሁለት እንቁላል ይቀቅሉና ክሩን ወደ መርፌ ሳጥኑ ይመልሱት።